የዘር ሐረጉን የጻፈው ማን ነው?

ስለ ጎሣ፣ ስለ ዘርና ስለ ወንበር ክርክር በተነሣ ቁጥር መጽሐፍ ቅዱስን እንደ ቅጥር ደብዳቤ የሚጠቅስ አንድ ሰው አይጠፋም። በእሱ ቤት ነገሩ ያለቀለት ነው። በጥንቱ እስራኤል ሌዊ ለመቅደስ፣ ይሁዳ ለዙፋን፣ የተቀረው ነገድ ለእርሻውና ለከብቱ ተመድቦ ነበር፤ መዳቢውም እግዚአብሔር ነው። አራት ነጥብ። ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፦ «እኛም የእገሌ ዘር ስለሆንን ይህ ቦታ የእኛ ነው።»

እኛ የማንንም እምነት ልንነካ አልተነሣንም። የተነሣነው ንባቡ ላይ ነው። ይህ ሰው የሚጠቅሰውን መጽሐፍ ገልጦ ቢያነበው ኖሮ፣ ነገሩ እሱ እንደሚለው ያለቀለት ሳይሆን ለአንድ ሺሕ ዓመት ያህል ሲያጨቃጭቅ የኖረ መሆኑን ያገኘው ነበር። እዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሳይደበቅ ተጽፎ።

ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ገና በመጀመሪያው ዓመት የሚነገረን ነገር አለ፦ ወሬን ከአንድ ምንጭ ብቻ አትቀበሉ፤ ሁለት ምንጮች ከተጋጩ ደግሞ ልዩነቱ ማንን እንደሚጠቅም ጠይቁ። መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ በኩል ቸር ነው። የሳሙኤልና የነገሥት መጻሕፍት የተረኩትን ዘመን መጽሐፈ ዜና መዋዕል ዳግመኛ ይተርከዋል። ይህ ሁለተኛው ትረካ የተጻፈው ከባቢሎን ምርኮ በኋላ፣ ዙፋኑ ጠፍቶ ካህናቱ የሕዝቡ መሪ በሆኑበት ዘመን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። በጥንቱ እስራኤል ሹመት ከዘር ሐረግ ይወለድ ነበር፣ እውነት ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ ደግሞ የዘር ሐረጉ ራሱ ከሹመቱ ይወለድ ነበር። የዛሬው ሙግታችን ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሕጉን ድርሻ እንስጠው

ሌላውን ወገን ሳንሰማ አንሄድም። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የካህን ልጅ ካህን ነው። የአሮን ልጆች መሥዋዕት ያቀርባሉ፣ የቀሩት ሌዋውያን ያግዟቸዋል። በኦሪት ዘኍልቍ የሌዊ ሦስት ቤቶች ሸክማቸው ሳይቀር ተለይቶ ተሰጥቷቸዋል፦ ጌድሶን መጋረጃውን፣ ቀዓት ንዋየ ቅድሳቱን፣ ሜራሪ ሳንቃውንና ምሰሶውን። ቆሬ የሚባለው ሌዋዊ፣ ማኅበሩ ሁሉ ቅዱስ ሆኖ ሳለ ሙሴና አሮን ለምን ከፍ አሉ ብሎ ቢነሣ ምድር ዋጠችው። ንጉሥ ዖዝያን እኔም ልጠን ብሎ ቢገባ ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጣበት።

የሕጉን ጥቅምም እንናገር። ሌዊ እንደ ሌሎቹ ነገዶች የርስት መሬት አልነበረውም። የነበረው ተበታትኖ የሚኖርባቸው 48 ከተሞችና የሕዝቡ አሥራት ነው። ካህኑ ባለ ርስት አይሁን ማለት፣ መሠዊያውንና መሬቱን አንድ እጅ ላይ አታከማቹ ማለት ነው። ይህን ሐሳብ ያወጣ ሰው ሞኝ አልነበረም።

ነገር ግን ሕጉ ሌዊ ለምን እንደተመረጠ ሲናገር፣ ደሙ ከወንድሞቹ ደም ስለሚበልጥ ነው አይልም። እንዲያውም ያዕቆብ ሊሞት ሲል ለሌዊ የሰጠው ምርቃት አልነበረም። ከስምዖን ጋር ሆነው በሴኬም ስላፈሰሱት ደም ቁጣቸውን ረገመ፤ በእስራኤልም መካከል እንደሚበተኑ ተናገረ። ያኔ መበተን ቅጣት ነበር። በዘጸአት 32 የወርቁ ጥጃ በተሠራ ጊዜ ሌዋውያን ከሙሴ ጎን ቆሙና ለአገልግሎት ተለዩ። ይህ ደግሞ የሥራ ዋጋ ነው፤ የልደት ስጦታ አይደለም።

በዘኍልቍ 3 ሌላ ምክንያት አለ። ቀድሞ ለእግዚአብሔር የተለየው የየቤቱ በኵር ልጅ ነበር፤ ሌዋውያን የተወሰዱት በእነዚያ ምትክ ነው። ሒሳቡ ሳይቀር ተሠርቷል። በኵሮቹ 22,273፣ ሌዋውያኑ 22,000፤ ምትክ ላጡት 273 ልጆች በነፍስ ወከፍ 5 ሰቅል፣ በድምሩ 1,365 ሰቅል ተከፈለ። እስቲ አስተውሉልን። ምትክ ገባ ከተባለ፣ ቀድሞ በቦታው ሌላ ሰው ነበረ ማለት ነው። እሱም ከየነገዱ የተወለደ ልጅ ነው።

ሳሙኤል የማን ልጅ ነው?

አንደኛ ሳሙኤል ሲከፈት አንድ ሕልቃና የሚባል ሰው እናገኛለን፤ ከተራራማው ከኤፍሬም አገር የሆነ ኤፍሬማዊ። ሚስቱ ሐና መካን ነበረችና ወደ ሴሎ ወጥታ ተሳለች፤ ልጅ ብትወልድ ለመቅደስ ልትሰጥ። ተሰማላት፤ ሰጠችም። ሕፃኑ ሳሙኤል የበፍታ ኤፉድ ለበሰ፣ ታቦቱ ባለበት ቤት ተኛ፣ አድጎም መሥዋዕት አቀረበ። ሐና ስትሳል ነገድሽ ማነው ብሎ የጠየቃት የለም። ካህኑ ዔሊ የጠረጠረው መስከሯን ብቻ ነው።

ዜና መዋዕል ጋ ስንደርስ ግን ሳሙኤል ሌዋዊ ሆኖ ይጠብቀናል፤ ከቀዓት ቤት፣ ሐረጉ እስከ ሌዊ ድረስ ተቆጥሮ። አባቱ ያው ሕልቃና ነው። ነገዱ ነው የተለወጠው። ሕልቃና በኤፍሬም አገር ይኖር የነበረ ሌዋዊ ነው ብለው ሁለቱን የሚያስታርቁ ተርጓሚዎች አሉ። ሌዋውያን በየአገሩ ተበትነው ይኖሩ ስለነበር ሊሆን ይችላል። ነገሩ በሳሙኤል ብቻ ቢያበቃ እኛም በዚህ ታርቀን በሄድን ነበር።

ግን አያበቃም። የዳዊትን ልጆች ውሰዱ። ሁለተኛ ሳሙኤል 8 በዕብራይስጡ የዳዊት ልጆች ካህናት ነበሩ ይላል። ቃሉ «ኮሃኒም» ነው፤ ለአሮን ልጆች የሚነገረው ያው ቃል። ዳዊት ደግሞ ከይሁዳ ነው! ጥንታዊው የግሪክ ትርጉም ቃሉን አለዝቦ የቤተ መንግሥት ሹማምንት አደረጋቸው። ዜና መዋዕል ከእሱም ቀድሞ ዓረፍተ ነገሩን ለውጦ፣ በንጉሡ አጠገብ የቆሙ አለቆች ነበሩ ይለናል። እዚያው ሁለተኛ ሳሙኤል ውስጥ፣ ምዕራፍ 20 ላይ፣ ኢያዕራዊው ዒራስም የዳዊት ካህን ነበር ተብሎ ተጽፏል። ኢያዕር በምናሴ ነገድ ውስጥ የሚቆጠር ስም ነው። ስለዚህ ሰው ካህንነት ዜና መዋዕል ትንፍሽ አይልም።

ከሁሉም የምንወደው ግን የጌቱን ሰው ታሪክ ነው። ታቦቱ ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጣ ዖዛ ነክቶት ተቀሠፈ። ዳዊት ፈራና ታቦቱን በአንድ የጌት ሰው ቤት ለሦስት ወር አስቀመጠው፤ በአቢዳራ ቤት። ጌት የፍልስጥኤማውያን ከተማ ናት፤ የጎልያድ አገር። የሰውዬው ቤት ተባረከ። በዜና መዋዕል ይኸው ሰው፣ ዖቤድኤዶም በሚለው ስሙ፣ ከሌዋውያን በረኞችና በገና ደርዳሪዎች መካከል ተሰልፏል፤ ልጆቹና ዘመዶቹ 62 ሆነው። ጌት ሬሞን የምትባል የሌዋውያን ከተማ ስለነበረች ምናልባት ከዚያች ነው የሚሉም አሉ። እኛ ግን ነገሩ ባይጠጋገንም ያምርብናል። ሁሉም የፈራውን ታቦት ያስተናገደ ባዕድ ሰው፣ በመቅደሱ በር ላይ ቦታ አገኘ። ወግ እንዲይዝለት ደግሞ ነገድ ተሰፋለት።

ይህን የምንለው መጽሐፉን ውሸታም ለማድረግ አይደለም። በዚያ ዘመን ሰው ወደ ነገድ የሚገባበት በር ልደት ብቻ እንዳልነበረ ለማሳየት ነው። ካሌብ ቄኔዛዊ ሆኖ ሳለ የይሁዳ አለቃ ሆኖ ምድሪቱን ለመሰለል ተልኳል። ዘዳግም 23 ሞዓባዊ እስከ አሥር ትውልድ ወደ ጉባኤ አይግባ እያለ፣ ሞዓባዊቷ ሩት የዳዊት ቅድመ አያት ናት። የይሁዳ ዙፋን ንጹሕ ዘር ነው ለሚሉን ሰዎች ሩትን ማስታወስ ይበቃል።

በዓመት 10 ብር

መጽሐፈ መሳፍንት 17 እና 18 ላይ ያለውን ታሪክ ሰባኪዎች ብዙም አይነኩትም። ሚካ የሚባል የኤፍሬም ሰው በቤቱ ጣዖት አቆመና አንዱን ልጁን ካህን አደረገው። በኋላ አንድ ወጣት ሥራ ፍለጋ በደጁ ሲያልፍ አገኘ፤ ከቤተ ልሔም የመጣ፣ ከይሁዳ ወገን የሆነ ሌዋዊ። ልብ በሉ፤ ከይሁዳ ወገን፣ ግን ሌዋዊ። አንዳንድ ሊቃውንት ሌዋዊ የሚለው ስም በጥንት ጊዜ ከነገድ ይልቅ የሙያ ስም ሳይሆን አይቀርም የሚሉት እንዲህ ያለውን ይዘው ነው። ሚካ በዓመት 10 ብር፣ ልብስና ቀለብ ተስማምቶ ቀጠረው። ብሩ በሚዛን የሚመዘን ጥሬ ብር ነው፤ ውሉ ግን ውል ነው።

ከዚያ 600 የታጠቁ የዳን ነገድ ሰዎች መጡ። ለአንድ ሰው ቤት ካህን ከመሆን ለአንድ ነገድ ካህን መሆን አይሻልህም ወይ አሉት። ልጁ ደስ አለው፤ ጣዖቱን ይዞ አብሯቸው ሄደ። ስሙ የሚነገረን በመጨረሻ ላይ ነው፦ ዮናታን፣ የጌርሳም ልጅ፣ የ... እዚህ ላይ የዕብራይስጡ ጽሑፍ የሚያደርገውን ተመልከቱ። «ሙሴ» ከሚለው ስም ፊደላት መካከል አንዲት ትንሽ «ኖን» ከመስመሩ ከፍ ብላ ተንጠልጥላለች። እሷ ስትጨመር ሙሴ ምናሴ ይሆናል። ጸሐፊዎቹ የሙሴ የልጅ ልጅ የጣዖት ቤት ቅጥረኛ መሆኑን ሊጽፉት አፈሩ፤ ሊሰርዙትም ፈሩ። በአንዲት ፊደል የአያቱን ስም ሸፈኑለት፤ ግን ፊደሏን ከፍ አድርገው ስለሰቀሏት መሸፈናቸውን አልሸሸጉም። ከዚህ በላይ ሐቀኛ እርማት አይተን አናውቅም።

ከሌዊ ልጆችም ማን የበላይ ነው?

እሺ፣ ሌዋዊ መሆን በቂ ነበር እንበል። ሌዋውያኑ ራሳቸው ተስማምተው ነበር? ዘዳግም ካህናቱን ከሌዊ ነገድ ሁሉ ጋር አንድ አድርጎ ይጠራል። ሕዝቅኤል 44 ግን ሌዋውያን በጣዖት ስለሳቱ ከመሠዊያው ይውረዱ፤ በሩን ይጠብቁ፣ መሥዋዕቱን ይረዱ፤ መሠዊያው የሳዶቅ ልጆች ብቻ ነው ይላል። ሕዝቅኤል ራሱ የካህን ልጅ ነው።

ሳዶቅ ቦታውን እንዴት አገኘው? ዳዊት ሲያረጅ አብያታር አዶንያስን፣ ሳዶቅ ሰሎሞንን ደገፈ። ሰሎሞን ነገሠ፤ አብያታርን ወደ ዓናቶት ወደ እርሻው አባረረው፣ ሳዶቅን በቦታው ሾመው። ማለትም የሳዶቅ ቤት የበላይነት የጀመረው በሥልጣን ሽኩቻ አሸናፊውን በመደገፍ ነው። በዜና መዋዕል ግን የሳዶቅ ሐረግ ያለ እንከን እስከ አሮን ልጅ እስከ አልዓዛር ይወጣል፤ በ24ቱ የካህናት ምድብም የአልዓዛር ወገን 16፣ የኢታምር ወገን 8 ይይዛል። ቦታው ተያዘ፤ መዝገቡ ተከተለ።

መዝገብ የጠፋባቸው

ዘር በወረቀት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ማየት ለሚፈልግ ዕዝራ 2 አለለት። ከባቢሎን የተመለሱት ተቆጠሩ፦ ካህናት 4,289፣ ሌዋውያን 74፣ መዘምራን 128፣ በረኞች 139። ቁጥሩን ደግማችሁ አንብቡት። ከ4,000 በላይ አዛዥ፣ 74 ታዛዥ! መሠዊያው ተከልክሎ እንጨት እንዲሸከም የተነገረው ሌዋዊ ከባቢሎን ተነሥቶ ይመጣል ብሎ መጠበቅም ይከብዳል። በኋላ ዕዝራ ራሱ ጉዞ ሲነሣ ሰው ቢቆጥር አንድም ሌዋዊ አጣ፤ ልኮ ለምኖ ያገኘው 38 ብቻ ነው።

ከካህናቱ መካከል ሦስት ቤተሰቦች መዝገባቸው ተፈልጎ ታጣ። የኤብያ፣ የአቆስ እና የቤርዜሊ ልጆች። የመጨረሻዎቹ የሚጠሩት በሚስት ወገን ባለው አያታቸው፣ በገለዓዳዊው በቤርዜሊ ስም ነበር። ገዢው ኡሪምና ቱሚም ያለው ካህን እስኪነሣ ድረስ ከተቀደሰው እንዳይበሉ ከለከላቸው። ትናንት ካህን፣ ዛሬ ወረቀት የለህም ተብሎ ውጭ።

ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው ተከተሉት። ዕዝራ 8 ላይ የቤተ መቅደሱን ብርና ወርቅ መዝኖ የተረከበው ካህን የኦርያ ልጅ ሜሪሞት ነው። ነህምያ 3 ደግሞ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ከሠሩት መካከል የኦርያን ልጅ ሜሪሞትን እስከ አያቱ ይጠራዋል፤ አያቱ አቆስ ነው። ያ መዝገቡ የጠፋበት ቤት! በዜና መዋዕልም የአቆስ ስም ከ24ቱ የካህናት ምድብ ሰባተኛው ሆኖ ተቀምጧል። ኡሪምና ቱሚም ያለው ካህን ስለመነሣቱ የተጻፈ የለም። ሥራው ሠራተኛ ፈለገ፤ ቤተሰቡም ተመለሰ። ሐረጉ እንደ ብረት ነው የሚሉን ሰዎች ይህን ያብራሩልን።

ወንበሩ በጨረታ

ዘር ወንበሩን ከብልሹ ሰው ይጠብቃል የሚሉ ወዳጆች አሉን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ175 ኢያሶን የሚባል የካህን ልጅ ለንጉሥ አንጥያኮስ አራተኛ ገንዘብ ከፍሎ የወንድሙን ሊቀ ካህንነት ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሜኒላዎስ የሚባለው በ300 መክሊት በልጦት ከእሱ ነጠቀው። ይህን የሚተርከው የግሪኩ ሁለተኛ መቃብያን ነው፤ ከእኛው የግዕዝ መቃብያን የተለየ መጽሐፍ መሆኑን ልብ ይሏል። በ152 ሊቀ ካህናት የሆነው ዮናታን ከሐስሞናውያን ቤት ነው። እነሱ የገጠር ካህናት ነበሩ፤ ወንበሩን ያገኙት በጦር ሜዳ ነው። በኋላም ከይሁዳ ነገድ ሳይሆኑ የንግሥናን ዘውድ ደረቡበት።

ሁለተኛው መቅደስ በ70 ዓመተ ምሕረት ፈረሰ (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምንሰጣችሁ)። አይሁድ ያኔ ምን አደረጉ? መሪነቱን ለተማረ ሰው ሰጡ። በ200 ገደማ የተጠናቀረው ሚሽና ጉዳዩን በአንድ ፍርድ ዘግቶታል፦ ልደቱ ከሕግ ውጭ የሆነ ሊቅ፣ ካልተማረ ሊቀ ካህናት ይቀድማል። ይህን የጻፉት የካህናትን ክብር የሚጠሉ ሰዎች አይደሉም። የዘርን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ደግሞ ሳይንስ መጥቶልናል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ በ1997 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ካህናት ነን የሚሉ ብዙ አይሁድ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የጋራ ምልክት እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። በ2009 የወጣው ሰፊ ጥናት ግን ካህናቱ ከአንድ አባት ሳይሆን ከተለያዩ የአባት መስመሮች የመጡ መሆናቸውን አሳየ። ላቦራቶሪ ደግሞ ስንት ትውልድ እንዳለፈ ይገምታል እንጂ የአያትህ ስም አሮን ነበር ብሎ አይፈርምም።

ነገድ ያልተጠየቀባቸው

በዚያው እስራኤል ነገድ የማይጠየቅበት አንድ ትልቅ አገልግሎት ነበር፤ ነቢይነት። አሞጽ ከቴቁሔ የመጣ ከብት ጠባቂና ሾላ ለቃሚ ነው። የቤቴሉ ካህን አሜስያስ ወደ አገርህ ሂድ ቢለው፣ እኔ ነቢይም የነቢይ ልጅም አልነበርሁም ብሎ መለሰለት። ዘር የለኝም ማለቱ ነው፤ መልእክት ግን አለኝ።

ስለ ሴቶችስ? በሕጉ የካህን ሴት ልጅ ከተቀደሰው ትበላለች፤ ካህን ያልሆነ ባል ካገባች ግን ይቀርባታል። መሠዊያው ጋ መቼም አትደርስም። ደሟ የአባቷ ደም አይደለም ወይ? ደም ነው መመዘኛው የሚለን ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። በ622 ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በንጉሥ ኢዮስያስ ዘመን፣ በመቅደሱ ውስጥ የሕግ መጽሐፍ ሲገኝ ንጉሡ ደነገጠ። ሊቀ ካህናቱ ኬልቅያስ፣ ያ ሁሉ ሐረግ ያለው ሰው፣ ጉዳዩን የሚጠይቅለት ፈልጎ ወዴት ሄደ? የልብስ ጠባቂው የሴሌም ሚስት ወደሆነችው ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ቤት። ነገዷን መጽሐፉ አልነገረንም። አላስፈለገውማ!

ወደ እኛ ደጅ

ይህ ነገር የሩቅ አገር ተረት ነው የሚል ካለ፣ የቤተ እስራኤልን ወገኖቻችንን ታሪክ ይመልከት። በ1973 የእስራኤል የሰፋራድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ፣ ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የወረዱ አይሁድ ናቸው ሲሉ ወሰኑ። የተመረኮዙት በ16ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የነበሩ አንድ ታላቅ ረቢ በሰጡት ፍርድ ላይ ነበር። በ1975 የመመለስ ሕጉ እንዲመለከታቸው ተደረገ። አዎ፣ ያው ዳን፤ የሚካን ካህን አባብሎ የወሰደው ነገድ።

ነገዱ ታወቀላቸው። ቄሶቹስ? በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ቄስ የሚሆነው ሰው ከሽማግሌ ካህን እግር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ኦሪቱን በግዕዝ ተምሮ፣ በሕዝቡ ምስክርነት ተሹሞ ነበር። ሠርግ የሚያሠሩት፣ ለቅሶ የሚያጽናኑት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እነሱ ነበሩ። እስራኤል ሲገቡ ረቢናቱ ጋብቻ የማሠርና ፍቺ የማጽደቅ ሥልጣን ነፈጋቸው። ሕዝቡንም ለጥርጣሬው ማስወገጃ በውኃ ጥምቀት እንዲያልፍ ጠየቀ፤ በ1985 በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም የዋናው ረቢናት ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው ለሳምንታት ተቃወሙ። ዘራችሁን አውቀንላችኋል፣ ያገለገላችሁበትን ዘመን ግን አናውቅም ተባሉ። የአንድ ቄስ አርባ ዓመት አገልግሎት ከሦስት ሺሕ ዓመት በፊት ከነበረ አያት ስም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ግፍ ካልን ይኸው ግፍ ነው።

የራሳችንን ቤተ መንግሥትም አንተው። ይኩኖ አምላክ ዛጉዌዎችን ጥሎ በ1270 ዙፋኑን ያዘ። ምኒልክ የሰሎሞን ልጅ መሆኑን፣ የሳዶቅም ልጅ አዛርያስ ጽዮንን ይዞ አብሮት መምጣቱን የሚተርከው ክብረ ነገሥት አሁን ባለው የግዕዝ መልኩ የተዘጋጀው በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው። ትውፊቱ ከዚያ በፊት አልነበረም አንልም። ግን መጽሐፉ በመዝጊያው ላይ ከእስራኤል ወገን ያልሆኑትን የዛጉዌን ነገሥታት ሕግ ያፈረሱ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ልዩነቱ ማንን ይጠቅማል የሚለውን ጥያቄ እዚህም አትርሱት። የ1955ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ሳይቀር የንጉሡን ሐረግ ሳያቋርጥ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ ቀዳማዊ ያወርደው ነበር። በ1974 ንጉሡ ሲወርዱ ሐረጉ አላዳናቸውም። ዘር የሌላቸው የተባሉት ይምርሐነ ክርስቶስና ላሊበላ ግን ዛሬም በቤተ ክርስቲያኒቱ ቅዱሳን ናቸው። የሰውን ሥራ ዘሩ ሳይሆን ድንጋዩ መሰከረለት።

እንግዲህ ምን እንላለን?

የዘር ሐረግ መቁጠር ኃጢአት ነው አላልንም። እስከ ሰባት ቤት መቁጠርን ከአያቶቻችን ተምረናል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ፣ የወደቀውን የሚያነሣ ወገን እንዲታወቅ። ይህ ሐረግ ኃላፊነትን ያሳያል። የምንቃወመው ሐረጉን የወንበር ቲኬት አድርጎ መሸጡን ነው።

የክርስትናውን ወገን የሚጠቅስ ካለም በራሱ መጽሐፍ እንመልስለት። የዕብራውያን መልእክት ስለ ክርስቶስ ሊቀ ካህንነት ሲናገር፣ ኢየሱስ ከሌዊ ሳይሆን ከይሁዳ መወለዱን አይሸፍንም። መከራከሪያ ያደረገው አባቱም እናቱም የትውልድ ቁጥሩም ያልተጻፈውን መልከ ጼዴቅን ነው። ትልቁን ክህነት መዝገብ በሌለው ሰው ላይ መሠረተው። በነገድ የሚመካ ሰባኪ ይህን ምዕራፍ ሲደርስ ገጹን ለምን እንደሚያፋጥን አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው፣ መድረክ ላይም ይሁን ቢሮ ውስጥ፣ ነገዱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋላችሁ አትሳደቡ፤ አትሽሹም። ሦስት ነገር ጠይቁት። ይህን ሐረግ የጻፈው ማን ነው? የተጻፈው ወንበሩ ከመያዙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? በዚያ ምክንያት ከበሩ ውጭ የቀረውስ ማን ነው? መልስ ካለው እናዳምጠዋለን። ከሌለው ግን የሚያውቀውን ሥራ ያሳየን፤ አቢዳራን በመቅደሱ በር ላይ ያቆመው እሱ ነው።